በጥርስ የሚያዝ ማተብ

ደባርቅ ላይ ዙፋንን ይዞ ገበያ መውጣት አይቻልም። ሽንኩርት ልትመርጥ ጎንበስ ስትል ባለሽንኩርቷ ስልኳን ከጉያዋ ታወጣና «እስቲ ይቺን እይልኝ» ትላታለች፤ ጎንደር የተነሳ የእህቷ ልጅ ጉልበት ነው። ሠርግ ቤት የተቀመጠ ሰው ብርጭቆውን አስቀምጦ የገዛ ወገቡን በስልክ ያሳያታል። ለቅሶ ላይ እንኳ አይምሯትም። አንድ ጊዜማ የነፍስ አባቷ ንስሐዋን ተቀብለው ሲያበቁ፣ ወዲያ ወዲህ አየት አድርገው፣ «አንድ ነገር ላሳይሽ» ብለው ከካባቸው ሥር ስልክ አወጡ። የትከሻቸው ራጅ ነበር። ምን ታድርግ፣ አየችላቸው።

ዙፋን ራጅ አንሺ ናት። የሙያዋ ስም በወረቀት ላይ ረዘም ይላል፤ ሰው ግን «ራጅ አንሺዋ» ነው የሚላት፣ በሽተኛውም ነጭ ጋውን የለበሰችን ሴት ሁሉ እንደሚጠራው «ሲስተር» ይላታል። የዳባት ልጅ ናት። ጎንደር ተምራ፣ ደባርቅ መናኸሪያው አካባቢ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ተቀጥራ፣ እነሆ አሥራ አራት ዓመት ሆናት።

ስትጀምር ሥራው በፊልም ነበር። ጨለማ ክፍል ገብታ ፊልሙን መድኃኒት ውስጥ ስትነክር ትውላለች፤ ጥፍሯ ቢጫ፣ ልብሷ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸት ነበር። የተነሳው ሰው ፊልሙን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ይሄዳል፤ የሰው ሁሉ አጥንት በየቤቱ ተሰቅሏል። ጃናሞራ ውስጥ የአማቱን ዳሌ መስኮቱ ላይ ለጥፎ ንፋስ የሚከላከል ሰው ታውቃለች፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ዳሌው ቁልጭ ብሎ ይታያል አሉ። ኮምፒውተሩ ሲመጣ ይሄ ሁሉ ቀረ። ምስሉ ወዲያው እስክሪኑ ላይ ድቅን ይላል፣ ጎላ ይደረጋል፣ በቴሌግራም ጎንደር ለሐኪሙ ይላካል፣ ከዚያ እዚያው ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። ሰዉ መጀመሪያ ላይ ተቆጣ፤ «ታዲያ ባዶ እጄን ልግባ?» አለ። ዙፋን መላ አበጀች፦ ስልክ ያለው እስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ይሂድ አለች። ገበያ ላይ መከራዋን የሚያበላት ይኸው መላዋ ነው።

ትልቁ መላዋ ግን ሌላ ነበር። የደረት ራጅ ሲነሳ አንገት ላይ ያለ ነገር ሁሉ መውለቅ አለበት። የሙያዋ መጽሐፍ እንዲያ ይላል። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ግን የስሜንን ገበሬ «ማተብህን ፍታ» ብሎት አያውቅም። በክርስትና ቀን የታሰረ ክር እንኳን ለራጅ ለሞትም አይፈታም። ዙፋን በተቀጠረች ዓመት አንዲት መነኩሲት «ማተቤን ከምፈታ ሳንባዬ ይቅር» ብለው ጥለዋት ወጥተዋል። ከነማተቡ ማንሳት ደግሞ ጣጣ አለው፤ ቋጠሮው፣ መስቀሉ፣ አጠገቡ የተንጠለጠለው የክታብ ቆዳ ሁሉ ምስሉ ላይ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይወጣል፣ ጎንደር ያለው ሐኪምም በሽታ መስሎት ሰው ያስደነግጣል። ታዲያ አንድ ቀን ዙፋን ምርር ሲላት፣ «ግድ የለም አይፍቱት፤ ሳብ ያድርጉና በጥርስዎ ይያዙት» አለች። ማተቡ ወደ አገጭ ወጣ፣ ከምስሉም ራቀ። ሃይማኖትም አልተነካ፣ ሥራም አልተበላሸ። ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ በትልቁ ጽፋ ለጥፋለች፦ «ማተብዎን በጥርስዎ ይያዙ፤ በአፍንጫዎ ይተንፍሱ።» ከሌላ አገር የመጣ ሐኪም ሲያነበው ይስቃል። ይሳቅ።

እርግጥ አንዳንዴ ያመልጣል። ሰውየው ሲያስለው ወይም ሊናገር አፉን ሲከፍት ማተቡ ሸርተት ብሎ ደረቱ ላይ ይወርዳል። እንዲህ ሲሆን ዙፋን ወረፋውን ታያለች። ወረፋው አጭር ከሆነ ደግማ ታነሳለች። ረጅም ከሆነ ግን ነጥቧ አጠገብ «ማተብ ነው» ብላ ጽፋ ትልካለች፣ ጎንደር ሆኖ ምስሉን የሚያነበው ዶክተር ቃለ አብም ያምናታል። እሱ ገና ተማሪ ሳለ እሷ ስንት ሺህ ደረት አይታለች። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ እንዲሉ፣ ይህች አቋራጭ ቀስ በቀስ ልማድ ሆነች።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ማብቂያ ላይ ነው። መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ስድስት ሰዓት ላይ መጣ። ደጁ ላይ ሠላሳ የሚሆን ሰው ተኮልኩሏል። ከሰዉ መሀል ከአምቢኮ የመጡ አያ ያርጋል የሚባሉ ገበሬ ነበሩ፤ ሰባ የሚጠጉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሳል ሦስት ወር ሙሉ አልለቅ ያላቸው። ይዛቸው የመጣችው ልጃቸው እናናዬ ናት። እናናዬ ቡይት ራስ አንድ የቱሪስት ሎጅ ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች፤ አባቷን ለምና ለምና ነው ከአገራቸው ያወጣቻቸው።

አያ ያርጋል ጋቢያቸውን አውልቀው፣ ደረታቸውን ሰሌዳው ላይ፣ ጀርባቸውን ወደ ዙፋን አድርገው ቆሙ። ዙፋን ከመከላከያው ግድግዳ ኋላ ሆና፣ «አባቴ፣ ማተብዎን በጥርስዎ ይያዙ» አለች።

«እሺ ልጄ» አሉ፣ ጥርት አድርገው።

አነሳች። ምስሉ ወጣ። በግራ በኩል፣ ከአንገት አጥንቱ ዝቅ ብሎ፣ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ አለች። ዙፋን ፈገግ አለች። «እሺ ልጄ» ሲሉ አመለጣቸው፣ አለች በልቧ። በመስኮቱ ወረፋውን አየችው። «ማተብ ነው» ብላ ጻፈች።

ማጅራታቸውን ቀና ብላ አይታው ቢሆን! እፊቷ ነበር እኮ፣ ባዶውን። የሰው ዓይን ግን የለመደውን ነው የሚያይ፤ እሷም የስሜን ገበሬ ያለ ማተብ ይቆማል ብላ አላሰበችም። ከሰዓት በኋላ ዶክተር ቃለ አብ «ደረታቸው ንጹህ ነው» ብሎ መለሰ። ለሳሉ ሽሮፕ ታዘዘ። አያ ያርጋል የዙፋንን ራስ በሁለት እጃቸው ይዘው «ዓይንሽን አያጥፋው» ብለው መረቋትና ወደ አገራቸው ገቡ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። እናናዬ ሎጁ ደረጃ ላይ ተንሸራታ የእጇ አንጓ አብጦ መጣች። ስብራት አልነበረም፤ ወለምታ ነው። ዙፋን እጇን እያስተካከለችላት፣ ሕመሙን ልታስረሳት ብላ፣ «ይሄስ ደግ ነው፣ ማተብ አያስነክስም። አባትሽ እንኳ አምልጧቸው ነበር» አለቻት።

እናናዬ ከነሕመሟ ሳቀች። «አባባ? አባባ በምን ጥርሱ ይነክሳል ብለሽ ነው? አንድም የለው። በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳነብለት ‹ደግሞ ለዚህም ጥርስ ያስፈልጋል?› አለና አፈረ። ለአንቺም መንገር ከበደው። ማተቡን ፈታና ለእኔ አሰረልኝ። ‹በልጄ አንገት ላይ ካለ እንደተፈታ አይቆጠርም› ብሎ። እስኪወጣ ድረስ ሁለት ማተብ አስሬ ደጅ ተቀምጬ ነበር።»

ዙፋን ክው አለች። የእናናዬን እጅ እንደያዘች ቀረች። እናናዬ «አመመሽ እንዴ?» ብላ እስክትጠይቃት ድረስ ለቀቅ አላደረገችውም።

ልጅቱን ሸኝታ በሩን ዘጋችና ኮምፒውተሩን ከፈተች። ምስሉ እንዳለ አለ። አጎላችው። የክር ምልክት የለም፣ የመስቀል ምልክት የለም። ጠርዟ ሻከር ያለ አንዲት ነጥብ ብቻ፣ አጠገቧም በራሷ በዙፋን ጣት የተጻፈ «ማተብ ነው»። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የጽሑፉስ በምን ይታሻል? ደግማ አየች፤ ደግማ አየች። የአያ ያርጋል ምርቃት ጆሮዋ ላይ አቃጨለ፣ አፈረችም፣ ፈራችም፣ ተናደደችም፤ የተናደደችው በራሷ ነው።

ጎንደር ደወለች።

«ዶክተር፣ የአምቢኮው ሰውዬ ማተብ ማተብ አይደለም።»

ቃለ አብ ቶሎ አልገባውም። ነገረችው። ምስሉን ከፍቶ አጎላው።

«እኔም ቃልሽን አምኜ ነው ያለፍኩት» አለ። «ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር።»

«ምን ሊሆን ይችላል?»

«የድሮ ቁስል ጠባሳ ሊሆን ይችላል። ሳንባ ነቀርሳም ሊሆን ይችላል። ክፉውም ሊሆን ይችላል። ደግመሽ አንሺያቸው፣ ፊት ለፊትና በጎን። ነጥቧ ካለች ቶሎ ወደ እኔ ይምጡ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ሲስተር።»

ቤቷ ስትገባ ለባሏ ለአንዳርጋቸው ነገረችው። አንዳርጋቸው አስተማሪ ነው፤ ነገር ማርገብ ያውቃል። «ለክትትል ይመለሱ ብለሽ ላኪባቸው» አላት። «ምክንያቱን ማን ጠየቀሽ? እንጀራሽን በገዛ እጅሽ አትድፊ።» ክፉ ምክር አልነበረም። ልቧም ትንሽ ወደዚያ አጋደለ፤ ሰው ናት። ግን ደረትህ ንጹህ ነው የተባለ ገበሬ ገብሱ ታጭዶ ክምር ላይ እያለ ለክትትል ብሎ ደባርቅ አይወጣም። እሺ ብሎ ይቀራል። አያ ያርጋልን ከአውድማው የሚያስነሳ ነገር ቢኖር እውነቱ ብቻ ነው፣ እሱም በሰው አፍ አይላክም።

ቅዳሜ ማለዳ ከእናናዬ ጋር ወደ መካነ ብርሃን በሚሄድ መኪና ተሳፈሩ። እናናዬ ነገሩን ከሰማች ወዲህ የታሰረ እጇን ታቅፋ በመስኮት ታያለች። ዙፋን «ስደቢኝ» ልትላት ፈልጋ ነበር። መንገድ ላይ ወርደው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ ዳገቱን ሲወጡ ዙፋን ሦስት ጊዜ ተቀመጠች። ከዳባት ወጥታ በወንበር ላይ ያረጀች ሴት ናት። እናናዬ ቆማ ጠበቀቻት፣ በሦስተኛው ውኃ ሰጠቻት፤ እንግዲህ ያቺ ውኃ ናት ያስታረቀቻቸው።

አያ ያርጋል አውድማ ላይ ነበሩ። አራት አምስት ጎረቤት መንሽ ይዞ ይወቃል። ዙፋንን ሲያዩ ደስታቸው ልክ አጣ። «ይቺ ናት ደረቴን ያየችልኝ!» አሉ ለሰዉ። ለካ ደረትህ ንጹህ ነው በመባላቸው ለሚካኤል ጠላ ጠምቀው፣ በግ አርደው፣ ጎረቤት አብልተዋል። ወደ ቤት እንግባ አሏት፤ ከገባችና እህል ከቀመሰች ግን እንደማትናገረው ገባትና እዚያው ገለባው ላይ ቆማ ተናገረች።

«አባቴ፣ ተሳስቼ ነው። ምስሉ ላይ ነጥብ ነበረች። ማተብዎ መሰለኝ። ሳላይ ማተብ ነው ብዬ ጻፍኩ፣ ሐኪሙም እኔን አምኖ ንጹህ ነው አለ። ማተብዎ ግን ልጅዎ አንገት ላይ ነበር።»

አንዱ ጎረቤት መንሹን ተከለ። «ሲፈልጋችሁ ጤነኛ ነህ፣ ሲፈልጋችሁ በሽተኛ ነህ። በግ የታረደበት ነገር እንዴት ይታጠፋል?» አለ። እውነቱን ነው።

አያ ያርጋል ድዳቸውን በምላሳቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ጥርስ ቢኖረኝ ይሄ ሁሉ ባልመጣ» አሉ። ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ዙፋንን ትክ ብለው አዩዋት።

«ማን ነው ሂጂ ብሎ የላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«ዝም ብትይስ ኖሮ፣ ማን ያውቅብሽ ነበር?»

«የሚያውቅ አልነበረም፣ አባቴ።»

አሰቡበት። ገበሬ በችኮላ አይወስንም። «እንግዲያስ እመጣለሁ» አሉ። «በውሸት ብትመጪ ይሄን ዳገት አትወጪውም። ገብሴን ላስገባ፤ ሐሙስ ጠብቂኝ።»

እነዚያ ቀኖች ለዙፋን አልገፋ አሏት። የእያንዳንዱን ሰው ማጅራት ከግድግዳው ወጥታ፣ ነጠላ ገልጣ ታያለች። ያልጠበቀ ሰው ይደነግጣል። ሐሙስ ሳይረፍድ አያ ያርጋል ከእናናዬ ጋር መጡ፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ለክብረ በዓል እንደሚሄድ ሰው። ማተባቸውን እንደ ፊተኛው ለልጃቸው አሰሩ። ዙፋን አንገታቸውን በእጇ ነካችና አነሳች፤ ፊት ለፊት፣ ከዚያም በጎን። ይልበሱ አለቻቸውና ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ነጥቧ አለች። በጎንም አለች፤ ሳንባው ውስጥ ቁጭ ብላለች።

እናናዬ ቀስ ብላ ገብታ ከኋላዋ ቆማ ነበር። ራጅ ማንበብ አታውቅም፤ የዙፋንን ፊት ግን አነበበች።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

እናናዬ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እህቴ፣ ነጥቧ የለችም በይልኝ። ያንቺው ስህተት ነበር፣ ምንም የለብዎትም በይው። እኔ ዘመድ እንጠይቅ ብዬ ጎንደር እወስደዋለሁ። ካወቀ እህል አይወርድለትም። በሞቴ።»

በእኛ አገር በሽታ ለባለቤቱ አይነገርም። ለወንድሙ ይነገራል፣ ለልጁ ይነገራል፣ ጎረቤቱ ይሰማል፤ እሱ ብቻ በመሀላቸው ተኝቶ «ይሻልሃል» ይባላል። ከፍቅር ነው እንጂ ከክፋት አይደለም። ዙፋን ራሷ አድርጋዋለች። የዛሬ ስድስት ዓመት እናቷን ከዳባት እዚሁ ክሊኒክ አምጥታ፣ ጉበቷ ላይ ያለውን በአልትራሳውንዱ እስክሪን በዓይኗ አይታ፣ «ጨጓራ ነው እማዬ» አለቻት። እናቷም ጨጓራ ነው ብላ አራት ወር ኖረች። ማንም ዙፋንን አልወቀሳትም፤ እንዲያውም ጎበዝ ልጅ ተባለች።

ዙፋን የእናናዬን ትከሻ ያዝ አድርጋ ወጣች። አያ ያርጋል አጠገብ ተቀመጠች።

«አባቴ፣ አሁንም አለች።»

«ያቺ ነጥብ?»

«ሳንባዎ ላይ ናት። ምን እንደሆነች ጎንደር ነው የሚታወቀው። የሚድን ሊሆን ይችላል። ክፉም ሊሆን ይችላል።»

እናናዬ በሩ ላይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ። «አሳይኝ» አሉ።

እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸውና እስክሪኑ ፊት አቆመቻቸው። ጎድናቸውን ቆጠሩ፣ እንደ በግ ጎድን። «ይሄ ሁሉ እኔ ነኝ?» አሉ። ነጥቧን አሳየቻቸው። ጠጋ ብለው አዩዋት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልቤስ?» አሉ። እሱንም አሳየቻቸው። «እሱስ ስፍራው ላይ ነው» አሉ።

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ነይ ተቀመጪ እናናዬ። አታልቅሺ። ጎንደር ሳንሄድ የምነግርሽ አለኝ። የእናትሽ ነገር ነው፤ አንቺ ከመወለድሽ በፊት ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ነው ያለ። ጊዜ አለ፣ ጊዜ አለ ስል ነው ያቆየሁት።»

ዙፋን ወጥታ በሩን ዘጋችላቸው። ኮሪደሩ ላይ ወረፋው ያጉረመርማል፤ አንዱ «ሲስተር፣ እኛስ?» አላት፤ ቆዩ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠች። ከበሩ ኋላ የሽማግሌው ድምፅ ይሰማል፣ የሚሉት አይለይም፣ ረጋ ብለው ይናገራሉ፣ አንዳንዴ ሳል ያቋርጣቸውና ይቀጥላሉ። ዙፋን ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋን ለቀቀችው፣ ሠላሳ ሰው እያያት። እናቷ በመጨረሻው ሰሞን ሁለት ጊዜ «ዙፋኔ፣ አንድ ነገር…» ብላ ጀምራ፣ ሁለቱንም ጊዜ «ተይው፤ ሲሻለኝ እነግርሻለሁ» ብላት ነበር።